በሰላምታ የተገዛች በቅሎ

አባቴን ሮም ለማስቀረት ያላደረግሁት ነገር አልነበረም። ለዓይን ሕክምና ከአዲስ አበባ የመውጫ ቪዛ እስኪያገኙ ድረስ ስንት ደጅ እንደጠኑ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዓይናቸው ድኖ «እንግዲህ ልመለስ» ማለት ሲጀምሩ ደሜ ይፈላ ነበር። ምን ላይ ነው የሚመለሱት? መሬታቸው ተወርሷል፣ እናቴ አርፋለች፣ ያለቻቸው ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ሁሉ ስዘረዝርላቸው «ልክ ነሽ ልጄ» ይሉና ሸሚዛቸውን አጣጥፈው ሻንጣ ውስጥ ያስቀምጣሉ። እሺ እያለ እንቢ እንደሚል ሰው የሚያናድድ የለም።

«ይኼ ከተማ ድንጋይ ብቻ ነው። ከብት የማይታይበት አገር እንዴት ይኖራል?» እያሉ ያማርሩ ስለነበር፣ ከሮም ወጣ ብሎ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ አጠገብ የከብት ገበያ እንደሚቆም ስሰማ ደስ አለኝ። ባሌን መኪና አስነሥቼ፣ አባቴን ካፖርት አልብሼ ወሰድኳቸው። ከብትና ገበሬ ካዩ ልባቸው ይረጋል ብዬ ነበር።

ልባቸው ሊረጋ ቀርቶ አፋቸውም አላረፈም። በጎቹን ሲያዩ «ላታቸውን ማን ቆርጦባቸው ነው?» አሉ። እዚህ እንዲሁ ነው የሚወለዱት ብላቸው ከልባቸው አዘኑላቸው። ግዙፎቹን ነጫጭ በሬዎች ዞረው ዞረው አዩና «ይኼ ሁሉ ሥጋ ያርሳል ወይስ ዝም ብሎ ይቀለባል?» አሉ። ጭቃው ጫማዬን ውጦታል፣ የአሳማ ጥብስ ሻጮች ጩኸት ጆሮዬን በስቶታል፣ ባሌ ደግሞ እሳቸው ባሉት ሁሉ ይስቃል።

ከሁሉ የባሰው ሰላምታቸው ነበር። አባቴ ሰው አልፈው አይሄዱም። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ይዘረጋሉ፤ የያዙትንም እጅ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን ጠይቀው እስኪጨርሱ አይለቁም። ያውም በአማርኛ። «አባባ፣ እዚህ እንዲህ አይደረግም» ብላቸው «ሰላምታ የትም አገር ሰላምታ ነው» አሉኝ።

አንዲት ጥቁር በቅሎ የያዘ ሽማግሌ ጋ ስንደርስ ቆሙ። የበቅሎዋን ጥርስ አዩ፣ ኮቴዋን አነሡ፣ አንገቷን መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ለባለቤቱ እጃቸውን ዘረጉ። ሰውየው እጃቸውን ይዞ ዋጋ ጠራ፤ አባቴ ስለ ጤንነቱ የመለሰላቸው መስሏቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወዲያው ከየት እንደመጣ ያላየሁት ደላላ፣ እነሱ ሴንሳሌ የሚሉት፣ የራሱን እጅ ከላይ ጣል አድርጎ «አፋሬ ፋቶ!» ንግዱ አለቀ ብሎ ጮኸ። በዙሪያችን የቆመው ሰው አጨበጨበ። በዚያ ገበያ፣ በደላላ ፊት እጅ ለእጅ መያያዝ ማለት ተሸጠ ማለት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የምንኖር ሰዎች በቅሎ ገዛን።

ነገሩን በጣልያንኛ ሳስረዳ ሽማግሌው ራሱ ሳቀ። ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ ሰላምታ ከነበረ ሰላምታ ነው ብሎ ሊተወው ነበር። እንቢ ያሉት አባቴ ናቸው።

«ሰው ፊት እጁን ይዣለሁ። ሳላውቅም ቢሆን ተዋውያለሁ።»

«ታዲያ በቅሎዋን ሳሎን ልናስራት ነው?»

«እሱን እኔ አላውቅም።»

«እንግዲያው ከበቅሏችሁ ጋር ቅሩ! እኔ በእግሬ እሄዳለሁ!» አልኩና በጭቃው ውስጥ ዞሬ ሄድኩ። ባሌ ከኋላዬ «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» ሲል ሰማሁት። ሮም ደግሞ በእግር የሚደረስባት አልነበረችም። ተመለስኩ።

አባቴ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰውየው ደላላው ባለበት በገዛ አንደበቱ ከውሉ እንዲለቃቸው። ይህን ለማስረዳት ያየሁት አበሳ! ሽማግሌው በመጨረሻ ገባው። ሳቁን ተወና ባርኔጣውን አውልቆ፣ እጃቸውን እንደገና ይዞ «ለቅቄዎታለሁ» አለ። ደላላው መሰከረ። አባቴም ጎንበስ ብለው አመሰገኑ።

መኪና ውስጥ ገብተንም ንዴቴ ገና አልበረደም። ቢሆንም ይህን አጋጣሚ ላሳልፈው አልፈለግሁም።

«አዩ አባባ? ሰው ከገባበት ውል በሰላም ይወጣል። አሎራ፣ እንግዲህ እርስዎም ይቅሩ። ፔርሜሶዎን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ እናወጣለን፣ ክፍልዎም ያው ዝግጁ ነው። እዚያ ማን ያዘዎት?»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኼ ሰው ፊቴ ቆሞ ለቀቀኝ፤ እግዜር ይስጠው» አሉ። «ከአገር ስወጣ ግን ቪዛውን የሰጡኝ ሰዎች ያለ ዋስ አንለቅም ብለውኝ ነበር። ዘመድ ሁሉ ሲሸሸኝ ዋስ የሆነኝ ጎረቤታችን ነው፣ የልጆች አባት። እኔ ብቀር በእኔ ፈንታ እሱን ነው የሚያስሩት። እሱን ማን ይለቀዋል?»

ስለ ዋስ አንድም ቀን አንሥተውልኝ አያውቁም። ባሌም መሳቁን ተወ።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?» ብዬ ጮኽኩባቸው።

«ይታሰር እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው» አሉ። «እንደዚያ ካልሽኝ በኋላ ልጄ ብዬ እንዴት እጠራሻለሁ?»

በሳምንቱ፣ እየተነጫነጭኩ፣ ትኬታቸውን ራሴ ቆረጥኩላቸው።