አርባ ሦስት ልጆች

ትንሽ ጨመር አድርጌ ማውራት ስለምወድ አራዳ ውስጥ የሚያምነኝ የለም። ይህን ግን የሰፈሬ የእሪ በከንቱ እድርተኛ ሁሉ በጆሮው ሰምቷል።

እድራችን መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ሲያዛውር ቅጹን ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሞላሁ። በእድር አይቀለድም ብዬ ሳልጨምር ሳልቀንስ፦ ሴት ልጆች 4፣ ወንድ ልጆች 3። ፕሮግራሙን የጻፈችው የጎረቤታችን ልጅ ሕይወት ናት። እሁድ በጠቅላላ ስብሰባው የእድሩ ዳኛ ከኮምፒውተሩ እያነበቡ እኔ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጋሽ ታደሰ፣ አርባ ሦስት ልጆች!»

ከሳቁ የተነሳ ከጣሪያው ሁለት ቆርቆሮ ተገንጥሎ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ወደቀ። ባለቤቴማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ደግሞ ኮምፒውተሩንም ማጋነን አስተማርከው?»

ሕይወት ደነገጠች። «ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ! የሚሞላለት ነገር ቁጥር መሆኑን ለፕሮግራሙ አላሳወቅኩትም። እሱም እንደ ጽሑፍ አይቶ 4ን እና 3ን ከመደመር ይልቅ ጎን ለጎን ለጠፋቸው። አሁኑኑ የሁለቱንም፣ የመልሱንም ዓይነት ‹ቁጥር› ብዬ እጽፍለታለሁ።»

«ተይው ልጄ» አልኳት፣ ላብ እያጠመቀኝ። «አርባ ሦስቱ ይበቃኛል።»

«ኧረ ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ ናት!» ብላ ሁለት ሦስት ቃል ጨመረችበት። ዳኛው እንደገና አነበቡ።

«ሰባት!»

በአርባ ሦስቱ በሳቅ ስትንፈራፈር የነበረችው ባለቤቴ በሰባቱ በጣቷ እየቆጠረች ወደ እኔ ዞረች። እኔና እሷ የወለድነው ስድስት ነው።