የአባቴ ፖታሲየም

ሐኪሙ የላቦራቶሪውን ወረቀት አንብቦ ሲያበቃ አባቴን ሳይሆን እኔን አየኝ። ፖታሲየም የሚባለው የደማቸው ማዕድን ወርዷል አለ። ለደም ግፊት የሚወስዱት ክኒን ውሃውን ከሰውነታቸው ሲያስወጣ ፖታሲየሙንም ይዞት ይሄዳል። እግራቸው የሚዝለው ለዚህ ነው፤ በዚሁ ከቀጠለ ደግሞ ልባቸው ምቱን ይስታል። ኩላሊታቸው ደህና መሆኑን አረጋገጠና ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ጎመን፣ ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች በየቀኑ እንዲበሉ አዘዘ። ወር ቆይታችሁ ተመለሱ አለን።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በማኅሌት ቆመው ያደሩ ሰው፣ አሁን ከቤት እስከ ደብሩ በር ሲደርሱ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እኔ ዘንድ እንዲመጡ ለምኛቸው ነበር፤ እምቢ አሉ።

በመጀመሪያው ቀን በፌስታል ሙዝ ይዤ ስገባ አተኩረው አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ አይተርፉም አሉሽ ወይ?»

አልፈረድሁባቸውም። በኛ አገር ሙዝ በፌስታል የሚመጣው አልጋ ለያዘ ሰው ነው። ጤነኛ ሰው እንጀራ ይበላል። ወቅቱ የጾም ስለነበር ጾሙ ሰበብ እንዳይሆን ፈርቼ ነበር፤ ነገር ግን ሙዝ የጾም ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ የሚከለክለው የለም። ስለዚህ ተስማማን። ረቡዕና ዓርብ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ ሙዝና ብርቱካን አደርሳለሁ፤ ድንቹንና ጎመኑን ቀቅዬ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ ባልዲውን አያለሁ። ልጣጩ ለጎረቤት በግ እየተባለ ባልዲ ውስጥ ይጠራቀማል። ሰባት ሙዝ ካመጣሁ ሰባት ልጣጭ አገኛለሁ። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ልቤ ሙሉ ሆኖ እሄዳለሁ።

ወሩ ሲሞላ ተመለስን። ፖታሲየሙ ከበፊቱም ወርዷል።

«ይበላሉ ወይ?» አለኝ ሐኪሙ።

«ይበላሉ፤ ልጣጩን ቆጥሬዋለሁ» አልሁት። ይህን በካርዱ ላይ አልጻፈውም።

በማግሥቱ፣ ቀኔ ሳይሆን፣ ዘጠኝ ሰዓት እንዳለፈ ሄድሁ። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ጆሯቸው የከበደ አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ ወገቧን የሚያማት ጎረቤታችን፣ እንዲሁም ከአምባ ጊዮርጊስ ድንች ሊሸጥ የመጣ ገበሬ ዘመዳችን አሉ። አባቴ ሙዙን ልጠው፣ በቢላ ቆራርጠው፣ በሳሕን እያዞሩ ነው።

«ሸጋ ነው፣ የኔታ» አለ ገበሬው። «ለምን ይሆናል?»

«ለልብ ነው ይላሉ።»

«የኔስ ልብ ደህና ነው» አለና ሁለተኛ አነሳ።

ሳሕኑ ዞሮ አባቴ ዘንድ ሲደርስ የቀረችው የጫፏ ቁራሽ ናት። እሷን አመስግነው በሉ።

እንግዶቹ እስኪወጡ በሩ አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁ። ተናድጄ ነበር፤ ከንዴቱም ይልቅ ፈርቼ ነበር።

«አባዬ፣ ይህ የርስዎ መድኃኒት ነው። እንዴት ለሰው ያድሉታል?»

«ሰው ተቀምጦ እያየኝ ለብቻዬ ልዋጥ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።»

«እንግዲያውስ ከሄዱ በኋላ ይብሉ።»

ቢላዋውን በጨርቅ ጠረጉት።

«ከሄዱማ ምኑ ይወርድልኛል» አሉ። «እናትሽ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን የበላሁት ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ድንቹንም፣ ጎመኑንም ሰው ሲመጣ ጠብቄ ነው የማቀርበው። ልጄ ትመጣለች እላለሁ፤ አንቺ ደግሞ ቦርሳሽን ከትከሻሽ ሳታወርጂ ባልዲውን አይተሽ ትሄጃለሽ።»

በቁጣ አልተናገሩትም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ለመሄድ ስል ሰዓት ማየት ልማዴ ነው፤ ያን ቀን ግን ሰዓቴንም ለማየት አፈርሁ።

ቦርሳዬን አወረድሁና መደቡ ላይ ተቀመጥሁ። ሙዝ አልወድም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም። አንዱን ልጬ ግማሹን ጎረስሁ። አባቴ አዩኝና አንድ ሙሉ አንስተው ላጡ። ስለ ደብሩ ጣሪያ አወሩልኝ። ከዚያ ሁለተኛ ላጡ።

አሁን በየቀኑ እሄዳለሁ። ድንቹን አብረን እንልጣለን ብዬ ነበር፤ ከነልጣጩ ነው የታዘዘው ብለው ከለከሉኝ። እንግዶቹም ይመጣሉ፤ ሙዙ እንዲበቃ አድርጌ እገዛለሁ። ገበሬው ዘመዳችን ልቡ እጅግ ደህና ነው።

በሚቀጥለው ምርመራ ፖታሲየሙ ከልኩ ገባ። ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ወደ እኔ ዞሮ ምን እንደለወጥን ጠየቀኝ። ምግቡ ያው ነው አልሁት። ቁጭ ማለት ጀመርሁ ብዬ ለመናገር አፈርሁ።