የዘይነባ ድምፅ በአልበሜ ላይ

ይህን ከእኔና ከዘይነባ በቀር የሚያውቅ የለም። እናቴም ሳትሰማው ሞተች። እኔም ሳልናገረው ብሞት ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ።

ከሚሴ ተወልጄ አዲስ አበባ ጃዝ የምዘፍን ሴት ነኝ። አንድ አልበም አለኝ፤ እያንዳንዱን ዘፈን ከሌላ ሌላ የሙያ ባልደረባዬ ጋር ተቀባብለን የሠራነው። ሳክስፎን ተጫዋቹም፣ ባለ ፒያኖውም፣ ባለ ክራሩም ተስማምተው ስቱዲዮ ገብተዋል። ያልገባችው ዘይነባ ብቻ ናት።

ዘይነባ አብሮ አደጌ ናት። በእኛ አገር ሠርግ ሲሆን ሴቶች ለብቻቸው ክፍል ዘግተው ይጫወታሉ፤ እዚያ አውራጇ እሷ ነበረች። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ታወጣለች፣ እኛ እንቀበላለን። ባሏም አማቷም ያስከፏት ሴት እዚያ የሆዷን ትዘፍናለች። ይሳቃል፣ ይለቀሳል፣ በሩ ሲከፈት ያበቃል። ወሬውን ይዛ የምትወጣ የለችም።

ለአልበሙ እንድትዘፍንልኝ ስለምናት "ወላሂ አይሆንም፤ ይሄ የሴቶች ነው" አለችኝ። "እሺ፣ ተይው። ዜማውን እንድይዘው ብቻ በስልክ ልቅዳው" አልኳት። አመነችኝ። ለአባቷ ስትል እንዳገባች፣ ልቧ ግን ሌላ ሰው ጋ እንደቀረ የሚናገረውን የራሷን ግጥም ዘፈነችልኝ።

አዲስ አበባ ወስጄ ድምፄን ከድምፅዋ ጎን አስገባሁ። ስሟንም ሽፋኑ ላይ አስጻፍኩ። ላከብራት ነው ልበል? ውሸት ነው። ከአልበሙ ሁሉ እሱ እንደሚበልጥ ጆሮዬ ነግሮኛል፤ ስለዚህ ሰረቅኩ።

ዘፈኑ ከሚሴ በየባጃጁ ተከፈተ። ባሏ ሰይድ ሰማውና ደወለልኝ። ቁጡ ሰው አይደለም፤ ያን ዕለትም አልጮኸም።

"እህቴ፣ ግጥሙን አልጠይቅሽም" አለ። "ሴቶች ለብቻቸው ሲሆኑ ብዙ ይባላል፤ እሱን አልፈዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ለገበያ ሲወጣ ፈቅዳ ነው?"

አልፈቀደችም ማለት ምን ያቅታል? ግን አልበሙ ገና መውጣቱ ነበር። እውነቱን ብናገር ዘፈኑ ይወርዳል፣ ስሜም ይጠፋል። "ፈቅዳ ነው" አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ማንም አላስገደደኝም። "በአላህ?" አለኝ። በአላህ ብዬ ማልኩ።

እሷ አልፈቀድኩም እያለች ስታለቅስ፣ እሱ የእኔን መሐላ አመነ። ፈታት። ጨፋ ሮቢት ያለው አባቷ ቤት ገባች። ሠርግ ቤትም የሚጠራት ጠፋ፤ ሴቶቹ እሷ ፊት አፋቸውን መክፈት ፈሩ። እኔ በዚያ ዘፈን ተጨበጨበልኝ። "ያቺ የከሚሴዋ ድምፅ ማን ናት?" ሲሉኝ ፈገግ ብዬ "እህቴ ናት" እል ነበር። እንዴት አፌ እሺ አለኝ?

ከረመዳን በፊት እሷ ዘንድ ሄድኩ። ማሽላ እያበጠረች አገኘኋት። "አካም ጂርታ" ብላ ደኅንነቴን ጠይቃ በርጩማ አቀረበችልኝ፤ እንደማንኛውም እንግዳ። እግሯ ላይ ወድቄ፣ ለሰይድ በውሸት መማሌን ነግሬ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አልኳት።

"አውፍ ብያለሁ" አለች፣ ሰፌዱን ሳታቆም። "ግን ሰይድ ዛሬም እኔን ዋሾ ናት እያለ ነው የሚኖረው። ለእኔ ያልሽውን ለሱ በይው።"

እሺ አልኳት። ወላሂ ብዬ።

ረመዳን ገባ፣ ወጣ፣ ኢዱም አለፈ። ቁጥሩ ስልኬ ላይ አለ። ምን እንደሚይዘኝ አላጣሁትም፤ ሰይድ ከሰማ ከሚሴ ይሰማል፣ ከሚሴ ከሰማ የሚያጨበጭቡልኝ ሁሉ ይሰማሉ። ስለዚህ ዛሬ ስሜን ሳልጽፍ፣ ለማታውቁኝ ለእናንተ ይህን ስጽፍ ዋልኩ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ለሰይድ አልደወልኩም።