ለማይነግዱት የቀረች ወንበር

ማክሰኞ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ዲላ

ሱቄን ሳልከፍት ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። የያዝኩት ጥቁር ቦርሳ የባለቤቴ ነው። ካረፈ ሰባት ወሩ።

ወርቃ በምትባል የገጠር ከተማ መምህር ነበር። ስለ ኢንተርኔት አድራሻ ስሞች አዲስ አበባ በሚመክረው ጉባኤ የወርቃን የንባብ ማኅበር ወክሎ ይቀመጥ ነበር። ክርክሩ እንደ ይርጋጨፌ ያለ የቦታ ስም የድረ ገጽ አድራሻ ሆኖ ቀድሞ ለከፈለ ነጋዴ ይሰጥ ወይስ ለማይነግዱትም ይጠበቅ የሚል ነው። ለማይነግዱት ያለችው ወንበር አንዲት ናት። እስከ ዓርብ ሰው ካልተተካባት ነጋዴዎቹ ይወስዷታል። ተተኪዋ እኔ ነኝ ብዬ የማኅበሩን ፊርማ ላመጣ ተነሣሁ።

"እትዬ፣ ቦርሳውን ከላይ እንጫነው?" አለ ሾፌሩ።

"ጭኔ ላይ ይሁን።"

"ወርቅ ነው እንዴ?"

"ወረቀት ነው።"

"እሱማ ይብሳል!"

3 ሰዓት፣ ይርጋጨፌ

ጪጩን ያለፍነው በጉም ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ እንሰት፣ ቀይ ጭቃ፣ በእንጨት ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና። ቆጮ በጎመን በላሁ፤ ሃያ ብር። ባለቤቴ ወደ ወርቃ ሲሄድ ከዚህ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ ይለኝ ነበር። አንድም ቀን አልጻፈም።

6 ሰዓት፣ ወርቃ

ከገደብ ከተማ በሞተር ሳይክል መጣሁ። የማኅበሩ አባላት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሽማግሌው አቶ ጅግሶ እንዲፈርሙልኝ ያመጣሁትን ወረቀት አስነብበው ወደ እኔ ዞሩ።

"ዲላ ሥራሽ ምንድን ነው?"

"ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ።"

"ነጋዴ ነሽ በያ!"

ሰዉ ሳቀ።

"እናንተስ ቡና አትሸጡም?"

"እንሸጣለን እንጂ። ለዚህ ነው እኔም የማልሄደው። ልጄ፣ ሐዘኑ ያንቺ ነው። ወንበሩ ግን የሁላችን ነው።"

አንገቴን ደፋሁ። እውነት ነበር፤ እንደ ባለቤቴ ካፖርት ወንበሩንም ልወርስ ነበር የመጣሁት።

የመረጧት የቤተ መጻሕፍቱን ጠባቂ አስቴርን ነው።

"እዚያ ማን ይሰማኛል?" አለች።

"መምህሩንም መጀመሪያ ቀን አልሰሙትም" አልኳት። "በማግስቱ ከሁሉም ቀድሞ እጁን አወጣ።"

ሁሉም ፈረሙ። ቦርሳውን ሰጠኋት። በእጁ የጻፋቸው የስብሰባ ማስታወሻዎች እዚያው ውስጥ ናቸው።

10 ሰዓት፣ ወደ ዲላ

የጠዋቱ ሾፌር ገደብ ላይ አገኘኝ።

"ወረቀቱስ፣ እትዬ?"

"ሰው አገኘ።"

ባዶ ጭኔ ላይ እጆቼን አጣጥፌ መንገዱን አየሁ፤ ጠዋት ያላየሁት አበባ ሞልቷል። ሐሙስ አስቴር ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ በዲላ ታልፋለች። ከሱቁ ወፍራሙን ደብተር መርጬ አስቀምጥላታለሁ።

እሱን አልሸጥም።