እንግዴ ልጅ ብዬ የተረጎምኩት

ደስ ብሎኛል! ባለፈው ከእጅ እጅ በምናዞረው ደብተራችን ላይ የጻፍኳትን ያቺን አጭር ጽሑፍ ሞጆ ያሉ ልጆች በካርቦን ገልብጠው በየቤቱ አዳረሷት አሉ። ወሬውን ያመጣችልኝ ጓደኛዬ ርብቃ ናት። ከአውቶቡስ ወርዳ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ «አንቺ፣ ጸሐፊ ሆነሽ ቀረሽ እኮ! ሶስና ማን ናት እያሉ አፋጠጡኝ!» ብላ ትከሻዬን ደቃችኝ። ቀኑን ሙሉ ጥርሴ አልከደን አለኝ።

እናንተም «ቀጥዪ» ብላችሁ ደብተሩን መለሳችሁልኝ። ስለ ደስታ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ርዕስም ጻፍኩ። አየሁት፣ አየሁትና ሰረዝኩት።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴም፣ ለርብቃም። ተንበርክኬ ስጸልይ እንኳ በደፈናው «በደሌን ይቅር በል» እላለሁ እንጂ ስሙን ጠርቼው አላውቅም። እኛ ዘንድ የንስሐ አባት የለም። የጎረቤታችን ልጅ ተናዝዛ፣ ቀለል ብሏት ስትመለስ እያየሁ ስንት ጊዜ ቀናሁ! እኔ ለማን ልናዘዝ? እናንተ አላችሁ። ስሙኝ፤ መሸከሙ ደክሞኛል።

አባዬን የማታውቁት ካላችሁ፣ ጋሼ ለማ ይባላል። እዚህ ናዝሬት፣ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቀልድ መስሎን ነበር። አንድ የወንጂ ሾፌር ፊቱ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ «ጋሼ፣ ጺሜን ላጭ አልኩህ እንጂ ጆሮዬን ውሰድ መች አልኩህ!» ሲለው ሱቁ በሳቅ ተሞላ። አባዬም አብሮ ሳቀ። በሳምንቱ ምላጩን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ቀጥሎ መቀሱ፣ ቀጥሎ ሱቁ ራሱ ሄደ።

ሕመሙ ቀስ እያለ የሚወስድ ነው። መጀመሪያ እጁን ወሰደ፣ ከዚያ ድምፁን፣ ከዚያ እርምጃውን። ደህና ሲሄድ ቆይቶ በር ላይ ሲደርስ እግሩ እንደ ችካል ይተከላል። እኔ ከኋላው ሆኜ «ግራ! ቀኝ! ግራ! ቀኝ!» እላለሁ። «ይቺ የቀበሌ ሚሊሺያ አሠልጣኝ!» ይለኛል፤ እየሳቀ ይሻገራል። እናቴ ሽንኩርትና ቲማቲም ስትሸጥ ገበያ ስለምትውል ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ፣ የማጎርሰው እኔ ነኝ፣ ከአልጋ የማነሳው እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ወገቤ ግን የአሮጊት ነው። ገና አትዘኑልኝ። መጀመሪያ ጨርሱት።

ነገሩ የሆነው ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ነው። ድሮ ዝዋይ አካባቢ ያገለግል የነበረ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ነበር፤ ናዝሬት በመጣ ቁጥር ፀጉሩን የሚያስተካክለው አባዬ ነው። አገሩ ከተመለሰ በኋላ መታመሙን ሰምቶ ደብዳቤ ጻፈለት። አባዬ እንግሊዝኛ አይችልም። በቤታችን «እንግሊዝኛ አዋቂ» እኔ ነበርኩና ደብዳቤው ለእኔ ተሰጠ። ጓዳ ገብቼ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ አነበብኩት።

ሐኪሞች ለዚህ ሕመም አዲስ ነገር መሞከር ጀምረዋል ይላል። በውርጃ ከወጣ ጽንስ አንጎል ላይ ጥቂት ሕዋስ ወስደው በሕመምተኛው አንጎል ውስጥ ያኖሩታል። እዚያ ሕይወት ይዘራ ይሆናል፣ መንቀጥቀጡም ይቀንስ ይሆናል። ከፈለግህ ላስመዘግብህ እሞክራለሁ ይላል። ከሥር ግን ሌላ ነገር ነበረበት፤ እምነትህን ስለማውቅ ከየት እንደሚወሰድ ልደብቅህ አልፈልግም፤ እዚህ እኛም ራሳችን ገና እየተከራከርንበት ነው፤ አስበህ መልሱን አንተው ስጠኝ የሚል።

አባዬ ምን እንደሚመልስ አላውቅም ነበር? ልዋሻችሁ? ከእኔ ቀጥሎ እናቴን በአምስተኛ ወሯ ያስወረዳት ወንድ ልጅ ነበር። ሰዎች «ተወው፣ ገና ሽል ነው» ሲሉት አባዬ በነጩ የፀጉር ቤት ጨርቅ ገንዞ ቀበረው። ሳሙኤል ብሎ ስም አወጣለት። እስከ ዛሬ «ስንት ልጅ አለህ?» ሲሉት «ሁለት» ይላል።

ይህን እያወቅኩ ነው ከጓዳ የወጣሁት። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። እዚያ ቃል ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ከምን ነው የሚወስዱት?» አለኝ።

«ከእንግዴ ልጅ» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ቃሉ አልጠፋኝም፤ መዝገበ ቃላቱ ጽንስ፣ ሽል ብሎ ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። እንግዴ ልጅ ግን እናት ከተገላገለች በኋላ የሚወጣ፣ ማንም የማያለቅስለት፣ ጓሮ ተቆፍሮ የሚቀበር ነገር ነው። ደግሞ ለራሴ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «እንግዴ ልጅም እኮ ልጅ የሚል ቃል አለበት! ልጅን አላወጣሁትም!» አልኩ። ይህን ብልጠት ማን አስተማረኝ? ማንም። ከራሴ ነው ያወጣሁት።

የአባዬ ፊት በራ። «የሚቀበር ነገር! ጌታ ከሚቀበር ነገር መድኃኒት ያወጣል!» አለ። መልሱንም በእንግሊዝኛ እኔው ጻፍኩ፤ «ሁሉንም ተረድቼ፣ አስቤ ተስማምቻለሁ» ብዬ በእሱ አፍ። ወረቀቱን ያዝኩለት፣ እየተንቀጠቀጠ ፈረመ። አንዲቷን ውሸት በሁለት ቋንቋ ዋሸኋት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምነው! ያኔ ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ታሽጎ በየቤቱ በሹክሹክታ የምንዘምርበት ጊዜ ነበር። እኛ ቤት በተሰበሰብንበት ቀን አባዬ ተነሥቶ ስለ ደብዳቤው መሰከረ። ሁሉም «አሜን» አለ። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ፣ እህት አስቴር ብቻ ዝም አለች። ኋላ ቀስ ብላ፣ «ጋሼ ለማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ በሬዲዮ የሰማሁት ከጽንስ ነው። በውርጃ ከሚወጣ። ደብዳቤውን አንዴ ልየው?» አለች።

አባዬን እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። «ያነበበችልኝ ልጄ ናት! ልጄ ትዋሻለች ነው የምትይኝ?»

አስቴር ወደ እኔ ዞረች። «ሶስዬ?» አለች ብቻ።

አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። ምንጣፉን እያየሁ፣ «እንግዴ ልጅ ነው የሚለው» አልኩ።

አስቴር በታመመ ወንድም ተስፋ ላይ ጥርጥር ዘራሽ ተብላ ተገሠጸች። ይቅርታም ጠየቀች። እሷ! እኔ ተቀምጬ እሷ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ሁለቴ ብቻ መጣች፤ በሩ ሥር ተቀምጣ ቀድማን ወጣች። ከዚያ ቀረች። ወደ ዝዋይ መዛወሯን የሰማነው ከሄደች በኋላ ነው።

የሐኪሙ ሁለተኛ ደብዳቤ አጭር ነበር። ሙከራው እዚያው ላሉ ሕመምተኞች ብቻ ነው ተብሏል፤ የሚያስገኘው ጥቅምም ገና በውል አልታወቀም፤ አዝናለሁ ይላል። እሱን በትክክል ተረጎምኩት። ምን ዋጋ አለው? አባዬ ዛሬም ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ «የሚቀበር ነገር እንኳ ነፈጉኝ» ይላል። ያንን ሐኪም አልቀየመውም ይላል፤ ግን ይቀየመዋል። ምንም ያልበደለውን ሰው! እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሸሚዙን እቆልፋለሁ።

ለአባቴ ስል ነው ያደረግኩት ብል ታምኑኛላችሁ? እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜው ነበር። ግን ያን ቀን ጓዳ ውስጥ ምን ምን እንዳሰብኩ አስታውሳለሁ። እሱ ሲድን አየሁ፤ ወዲያው ደግሞ እኔ «ግራ! ቀኝ!» ማለት ሳቆም፣ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ርብቃ ቤት ስሄድ አየሁ። የትኛው ቀድሞ እንደመጣ እንጃ። ሁለቱም ነበሩ።

ነገሩ ራሱ፣ ከጽንስ ወስዶ ሕመምተኛን ማዳን፣ ትክክል ነው ወይ ብትሉኝ አላውቅም። አንዳንድ ቀን የአባዬ ጥርስ ከማንኪያው ጋር ሲጋጭ ስሰማ፣ ከየትም ይምጣ እላለሁ። ሌላ ቀን ሳሙኤል ትዝ ይለኛል። ሳላውቀው ትዝ ይለኛል። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ ጥያቄው የተጠየቀው አባዬ ነው። ልጁን የቀበረው እሱ፣ የታመመው እሱ። እምቢ ይል ነበር? ምናልባት። ወይስ አልቅሶ እሺ ይል ነበር? እሱንም ሰርቄዋለሁና አላውቅም። እጁን ሕመሙ ወሰደው፤ አፉን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ትናንት ርብቃ ስለ ሞጆው ስታወራ አባዬ አልጋው ላይ ሆኖ ሰምቶ ኖሮ፣ «ለሰው ሁሉ ስትጽፊ እኔስ ባዕድ ነኝ?» አለኝ። «ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለው እሁድ ጓደኞችሽን ጥሪያቸው፤ ከሰዓት ይምጡ። አዲሱን ለሁላችን ታነቢልናለሽ። እናትሽ ዳቦ ትጋግራለች።»

ስለዚህ ጥሪውን አድርሻለሁ፤ አባዬ ኑ ብሏችኋል። ቀበሌ ዓይን ውስጥ እንዳንገባ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ። የማነበው ይህንን ነው። ደብተሩ ከእጄ ከወጣ መሸሽ ስለማልችል አስቀድሜ ሰጠኋችሁ። እስከዚያ አትንገሩት፤ ከእኔ አፍ ይስማው። ዝዋይ ያላችሁ ደግሞ ከማንም በፊት ለእህት አስቴር ስጡልኝ። እውነቱን የተናገርሽው አንቺ ነሽ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ በሉልኝ። መምጣት ከፈለገች ትምጣ፤ ካልፈለገችም እውነቷን ነው።

እሁድ ስትመጡ ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። «ገና ልጅ ነበረች» ብላችሁ አትከላከሉልኝ። ቢቆጣ ጣልቃ አትግቡ፤ ዝም ቢል አታቻኩሉት። የሐኪሙን የመጀመሪያ ደብዳቤ እንደገና፣ እንዳለ አነብለታለሁ። ከዚያ ሁላችንም ቀረብ ብለን እንቀመጥ፤ አባዬ መልሱን ይስጥ።