ሳይሰሙ እጅ ማንሳት

ሐዋሳ ውስጥ የጆሮ ክሊኒክ ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ዶክተሩ፣ «እዚህ የሚያደክምሽ ሥራው አይደለም፤ መጮኹ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ስጮኽ ውዬ ቤት ስገባ ባለቤቴ «ምነው ትቆጪኛለሽ?» ይለኛል። ኧረ እኔስ ደከመኝ!

አልሰማ ብሎት የሚመጣ ሰው ግን አይፍራ። ዶክተሩ መቼ እንደጀመረው፣ አንዱ ጆሮ ይሁን ሁለቱም፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ይጠይቁታል። በመብራት ጆሮውን ያያሉ። ኩክ ከሆነ ይጸዳል፣ በዚያው ያበቃል። ካልሆነ ወደ እኔ ይልኩታል። የውጭ ድምፅ የማይገባበት ጠባብ ክፍል አስቀምጬ ማዳመጫ አደርግለታለሁ፤ ድምፅ በሰማ ቁጥር እጁን ያነሳል። አያምም።

ባለፈው ክረምት አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ከታቦር ሰፈር መጡ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የተጣላ ያስታርቃሉ። የተጠየቁትን ሁሉ ልጅቷ ናት የምትመልስላቸው።

«አባዬ ይሰማል፤ ደስ ሲለው ነው የሚዘጋን» አለችኝ። «አሁን ደግሞ ከሽምግልናው ልውረድ ይላል። እባክሽ ሲስተር፣ ደህና ነህ በይልን።»

ኤጭ! ይህን «ይሰማል» የሚሉትን ነገር ስንቴ ሰማሁት። ውጪ ጠብቂ አልኳት።

ምርመራውን ጀመርኩ። የአባባ እጅ ቶሎ ቶሎ ይነሳል። ውጤታቸው የጎረምሳ ጆሮ ሆነብኝ። ጠረጠርኩና ምንም ድምፅ ሳልልክ ቀና ብዬ አየኋቸው። እጃቸውን አነሱ። ደግሜ አየኋቸው፤ አሁንም አነሱ።

ማዳመጫውን አውልቄ ጆሯቸው ሥር ጮኽኩ፤ «አባባ፣ እኔ እኮ ምንም አልላክሁም!»

አፈሩ። «ስታዪኝ ጊዜ ዝም ማለት ከበደኝ፣ ልጄ። ትደክሚያለሽ ብዬ ነው።»

ወደ እኔ ጠጋ አሉና፣ «እርቅ ላይም እንዲሁ ነው የማደርገው» አሉ። «ባለፈው እሑድ አንዲት ሴት እያለቀሰች ብዙ ነገር ተናገረች። አንዱንም አልሰማሁም። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ጊዜ፣ ወደ ባልሽ ተመለሺ አልኳት።»

ማዳመጫውን መልሼ አደረግኩላቸው።

እንደገና መረመርኳቸው። በሁለቱም ጆሯቸው የሚሰሙት በጣም ጥቂት ነው። ዶክተሩ የመስሚያ መሣሪያ አዘዙላቸው። ልጅቷ መሣሪያው የት እንደሚገኝ ስትጠይቀኝ አባቷ እጇን ያዙ።

«መጀመሪያ እሑድ ያለቀሰችው ሴትዮ ቤት ውሰጂኝ» አሏት።

ለምርመራ የምትመጡ ሰዎች፣ ያልሰማችሁትን አልሰማሁም በሉ።