ያለ ስፖንጅ የተሰፋው ቀሚስ

ሮቤ ገበያ አጠገብ ባለችው የስፌት ቤቴ ግድግዳ ላይ የተዋናዮችና የዘፋኞች ፎቶ ለጥፌ ነበር። ደንበኞች ገብተው በጣታቸው እያሳዩ «እንደዚችኛዋ አድርጊልኝ» ይሉኛል። እኔም ለራሴ አንዷን መርጬ ነበር፤ ወገቧ በሁለት እጅ የሚያዝ የሚመስል ተዋናይት። ልጄን ከወለድኩ በኋላ ሆዴ አልመለስ ሲል እሷን እመስላለሁ ብዬ ምሳ ተውኩ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት መጀመሪያ የምለካው የራሴን ወገብ ነው። አንድ ሴንቲ ከጨመርኩ ቀኑን ሙሉ ፊቴ አይፈታም። ባሌ «ምነው እንዲህ ከሳሽ?» ብሎ ሲደነግጥ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከሲናና ወረዳ አንዲት ሴት መጡ። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ፊታቸውን ፀሐይና ንፋስ ያጠቆረው ስንዴ ገበሬ ናቸው። አረንጓዴ ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው «የልጄ ኒካ ደርሷል። ይሄ የእኔ ነው፤ አሳምረሽ ስፊልኝ» አሉኝ።

መጋረጃውን ሳብኩና ልለካቸው ተጠጋሁ። ሻርፓቸውን አወረዱ፤ ሹራባቸውን አወለቁ። በግራ በኩል ጡት አልነበራቸውም። ከብብታቸው እስከ ደረታቸው መሃል የሚደርስ ጠባሳ ብቻ ነው ያለው። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ዓይኔን የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ።

«ደነገጥሽ?»

«ኧረ አይደለም፣ አዴ...»

«ደንግጪ እንጂ። እኔም ፋሻው የተፈታ ቀን ጮኬያለሁ። ካንሰር ነው፣ ሦስት ዓመቱ። አልሃምዱሊላህ፣ ይኸው አለሁ።»

የማጽናናቸው መስሎኝ ቸኮልኩ። «አይጨነቁ፣ በግራ በኩል ስፖንጅ እሰፋበታለሁ። አንድም ሰው አያውቅም።»

«አልፈልግም። በልኬ ስፊልኝ። ግራው እንዳለ ይተኛ።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። «ሰርግ እኮ ነው! ሰው ሁሉ ያይዎታል።»

«ይይ ነው የምልሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።» ሹራባቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዱካው ላይ ተቀመጡ። «ስፖንጅ አንድ ዓመት አድርጌ ነበር። ስንዴ ሳርም ሆዴ ላይ ይወርዳል» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «ጎረቤቴ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ አፍራ ሸሸገችው። በየቀኑ ውሃ አብረን እንቀዳለን፤ እኔም በዚያው በሽታ እንዳለፍኩ ግን አታውቅም። ስፖንጄ አታለላት። ስትነግረኝ ጊዜው አልፎ ነበር። የተቀበረች ዕለት ስፖንጁን እሳት ውስጥ ጨመርኩት።»

አካልን መደበቅ ሰው ይገድላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የወገቤን ልክ በሴንቲ የማውቅ ሴት፣ ያንን ሰውነቴን አንድ ቀን እንኳ «ደህና ነህ ወይ?» ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

ቀሚሱን ሦስቴ ፈታሁት። እጄ ሳላዘው ለሌለው ግራ ጡት ቦታ ይተዋል። በአራተኛው ልክ መጣ።

ካልመጣሽ እቀየማለሁ ስላሉኝ ኒካው ላይ ሄድኩ። በሴቶቹ ድንኳን ውስጥ ሻርፓቸውን ወደ ኋላ ጥለው ብድግ ሲሉ ወሬው በአንዴ ቀጥ አለ። አጠገቤ ያሉት አሮጊት በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። እኔ በሳቸው ፈንታ መሬት ልገባ ደረስኩ። እሳቸው ግን እያጨበጨቡ ዘፈኑን አነሱት፤ ሴቶቹም ቀስ በቀስ ተቀበሏቸው። ላብ በጠባሳቸው በኩል ጨርቁን አርሶት ግድ ሳይሰጣቸው ይጨፍራሉ። ቆንጆ ነበሩ። ፈዝዤ ቀረሁ፤ ያን ቃል እንዲህ ላለ ሰው ተጠቅሜበት አላውቅማ። አንዷ ሳህን ሙሉ ጭኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ቅቤው ጣቴን እያራሰው ምን ያህል እንደበላሁ እንኳ አላስተዋልኩም።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ወጣት ባለትዳር ከወዲያ ጥግ ተነስታ ጆሯቸው ላይ የሆነ ነገር አንሾካሾከች። እጇን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቧት። ሲወጡ ልጅቷ አልቅሳለች። እሳቸው ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ማክሰኞ ጎባ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን» አሉኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ገበያ ሲመጡ በሱቄ በር ገባ አሉ። «ያቺ ልጅ እብጠቷ ክፉ አይደለም ተባለ፤ በትንሽ ቀዶ ጥገና ወጣላት» አሉና ጡት እንዴት እንደሚዳሰስ በጣታቸው አሳይተውኝ ስንዴያቸውን ወደ ጫኑበት ጋሪ ተመለሱ።

ቀጭን የመሆን ምኞቴ በዚያ ሳምንት አልጠፋም፤ ዛሬም አንዳንዴ ይመጣብኛል። የዚያን ዕለት ማታ ግን ልጄን ካስተኛሁ በኋላ በሩን ዘግቼ፣ እሳቸው እንዳሳዩኝ አድርጌ ጡቴን በጣቶቼ ቀስ እያልኩ ዳሰስኩ።